ሁለት ጾም ያልነቀነቃት ሦስት ኪሎ

ከሰው ሁሉ አብልጬ የምንቀው «ክብደት መቀነስ እኮ ቀላል ነው» የሚለውን ሰው ነው። ይህን በድፍረት የምናገረው ሰውዬውን በደንብ ስለማውቀው ነው፤ ባለፈው ዓመት ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የጀመረው እምብርቴ ላይ ነው። የዶሮ እንቁላል የምታህል እብጠት ወጣችብኝ። ስቆም ብቅ ትላለች፣ ስተኛ ትገባለች። ስስል በእጄ ደግፌ እስላለሁ፣ ስስቅ ደግፌ እስቃለሁ። ደሴ ውስጥ ደግሞ ሳይስቁ መዋል የት ይገኛል? ሦስት ወሎዬ አንድ ጥግ ከቆመ አንዱ ቀልድ መጀመሩ አይቀርም። እኔ ጨዋታው ሲደምቅ ሆዴን ይዤ ሹልክ እላለሁ። ወዳጆቼ መጀመሪያ «ምን ነካው?» አሉ፣ ቀጥለው «ኮራ» አሉ፣ በመጨረሻ መጥራቱንም ተዉት።

ታደለች፣ ባለቤቴ ማለቴ ነው፣ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ የኩታበር ልጅ፤ ገና ስታየኝ ከሆዴ በፊት ሚዛኑን ነው ያሳየችኝ። ዘጠና ሰባት።

«ቡአ ነው፤ ሆድዎ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ አንጀትዎ ይገፋበታል» አለችኝ። «ይሰፋል። ግን በዚህ ኪሎ ብሰፋዎት ስፌቱ አይችልዎትም፤ ይተረተራል። ሰማንያ አምስት ሲገቡ ይምጡ።»

«ባልገባስ?»

«አንድ ቀን አንጀትዎ በዚያች ቀዳዳ ታንቆ እየጮኹ ያመጡዎታል። ያን ቀን ኪሎ አልጠይቅዎትም። ግን ያን ቀን እኔም እፈራለሁ።»

ሐኪም «እፈራለሁ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ዳቦ ሳይ የሚታየኝ ገመድ ሆነ።

የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ። መዝገብ ቤት ማለት ፋይል የሚንቀሳቀስበት፣ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ነው። ጠዋት ከደሴ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እቀመጣለሁ፣ ማታ ሐረጎን ወጥቼ እቀመጣለሁ። በሐኪሟ ትእዛዝ ግን ከመናኸሪያ ቤቴ ድረስ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። የደሴን ዳገት ታውቁት የለ? ቁልቁለት ነው ብላችሁ የጀመራችሁት መንገድ ራሱ ጫፉ ላይ ዳገት ይሆናል። ስኳር ተውኩ፣ ሥጋ ቀነስኩ፣ እራት በጊዜ በላሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዘጠኝ ኪሎ ወረደልኝ።

አስከፊው ነገር የመጣው ያኔ ነው። ኪሎው ወርዶ ትዕቢቱ ወጣ። ያገኘሁትን ወፍራም ሁሉ አቁሜ እመክር ጀመር። «ቀላል ነው እኮ፣ ቁርጠኝነት ብቻ ነው!» የማላውቀውን ሰው እንኳ ሚኒባስ ውስጥ ሆዱን አይቼ አዝንለታለሁ። ደግሞ ምክር ቆሞ አይሰጥም፤ ሻይ ቤት እንገባለን። ሻይ ቤት ተገብቶ ደግሞ ባዶ ሻይ አይጠጣም፤ ተመካሪው ለምክሩ ምስጋና ፓስቲ ያዝዛል። እምቢ ማለት ነውር ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ስለ ፓስቲ ጠንቅነት የማስተምረው ፓስቲ አጉርሼ ፓስቲ እየጎረስኩ ነበር።

ጥር ላይ ቆመ። ሰማንያ ስምንት። ወይ ፍንክች።

የምመዘነው ደሴ ፒያሳ ጋሽ ይመር ዘንድ ነው። ጋሽ ይመር ጃንጥላ ሥር፣ ካርቶን ላይ አንዲት ሚዛን አስቀምጠው የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ቁጥሩን ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ጆሯቸውም ስለደከመ ያዩትን በጩኸት ይናገራሉ። «ሰማንያ ስምንት!» አሉ የመጀመሪያው ሳምንት። መንገደኛው ዞሮ አየኝ። በሳምንቱ፣ «ሰማንያ ስምንት!» በሦስተኛው ሳምንት ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «ሰማንያ ስምንት፣ እንዴት አደርክ!» አሉኝ። ስሜ ሆኖ ቀረ።

«ጋሽ ይመር፣ ሚዛንዎ ተበላሽቷል።»

«ሚዛኔ ሌላውን ሰው ሁሉ በትክክል መዝኖ አንተ ላይ ሲደርስ ነው የሚበላሸው?»

ተናድጄ ኮምቦልቻ እህል መጋዘን ሄድኩ፤ የጆንያ ሚዛን አይዋሽም ብዬ። ተሸካሚው ከላይ እስከ ታች አይቶኝ ወደ ሚዛኑ አወጣኝና፣ «ሰማንያ ስምንት። ጆንያው ይቀነስ?» አለኝ። ጆንያ የሚለው ካፖርቴን ነው። አውልቄ ደገምኩ። ሰማንያ ሰባት ተኩል። በዚያች ግማሽ ኪሎ ሁለት ቀን ሙሉ ደስ ሲለኝ ከረምኩ፤ ይኸ ነው እንግዲህ የኔ አእምሮ።

ምክር ደግሞ በነፃ ነው። የመሥሪያ ቤታችን የፋይናንስ ሰው አቶ ምናሉ፣ በሕይወቱ አንዲት ኪሎ ቀንሶ የማያውቅ፣ ልቀንስ ቢልም ከየት እንደሚያመጣ የማይታወቅ ሰው ነው። እሱ ነው አሠልጣኜ የሆነው። መጀመሪያ ሎሚ በሙቅ ውሃ አለኝ። ጠጣሁ፤ ጨጓራዬ ተቃጠለ እንጂ ኪሎዬ አልተቃጠለም። ቀጥሎ ፌጦ አለኝ። እሱንም ጠጣሁ፤ ሐረጎ ወገብ ላይ ሚኒባሱን ሁለት ጊዜ አስቁሜ ጫካ ገባሁ። በመጨረሻ ወንበሩን አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሰውነትህ ለምዶሃል» አለኝ። «አስደንግጠው።»

«በምን?»

«ባልጠበቀው ነገር።»

እናንተ ብትሆኑ ይህን ምክር ምን ታደርጉታላችሁ? ትንቁታላችሁ። እኔ ቤቴ ወስጄ አሰብኩበት።

በዚያ ሰሞን ሁዳዴና ረመዳን ተከታትለው ገቡ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ጎረቤቴ እትየ ሐዋ እስላም ናቸው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጾማሉ። ያ ታላቅ ሐሳብ የመጣልኝ የጋራ አጥራችን ላይ ቆሜ ነው። የእኛን ጾም በምግቡ፣ የእነሱን ጾም በሰዓቱ ብይዝ፣ ሥጋና ቅቤ የለ፣ ውሃም እስከ መግሪብ የለ፣ ሰውነቴ ደንግጦ የት ይገባል? ሁለት ጾም በአንድ ሆድ! ሦስት ኪሎ ሳትሆን ስድስት ትወርዳለች አልኩ። ለጽድቁ አልነበረም፤ ይህን እግዜርም ያውቃል፣ አላህም ያውቃል።

ሐሳቡ አልከፋም ነበር። ያበላሸሁት ለእትየ ሐዋ በመናገሬ ነው። ወሎ ውስጥ ተወልዶ፣ ወሎ ውስጥ ሃምሳ ሁለት ዓመት ኖሮ፣ ለእስላም ጎረቤት «ዘንድሮ ከናንተ ጋር እስከ መግሪብ እጾማለሁ» ብሎ የሚናገርና ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል ብሎ የሚያስብ ጅል ከኔ ሌላ የለም።

«እሰይ! ወላሂ እሰይ!» አሉ እትየ ሐዋ አጥሩን ይዘው። «እንግዲያው እኔ ዘንድ ነው የምታፈጥረው።»

«ኧረ አይቸገሩ፣ እኔ እቤቴ...»

«እኔ እያለሁ? ጾመኛ ጎረቤቴን ሳላስፈጥር እኔ ምኑን ጾምኩት? አብሽር፣ ሥጋ አይነካብህም። የአንተን በምስር ነው የምሠራው። መጥበሻውም ለብቻ፣ ዘይቱም ለብቻ።»

አደረጉትም። በሰባ ዓመታቸው፣ በጾም አፋቸው፣ ለአንድ ክርስቲያን ብለው አዲስ መጥበሻ ገዙ። የመጀመሪያው ቀን አዛን ሲል ከፊቴ ተምር፣ የአጃ ሾርባ፣ ስኳር የጠገበ ሻይ፣ በመጨረሻም ስድስት የምስር ሳምቡሳ ቀረበ። ሁለቱን በልቼ ጠገብኩ። ቀና ስል እትየ ሐዋ እያዩኝ ነው። ሦስተኛውን አነሣሁ። አሁንም እያዩኝ ነው። ለእኔ ተብሎ የተገዛ መጥበሻ ጥግ ላይ ቆሟል። ስድስቱንም በላሁ። በማግስቱ ሰባት ሆኖ መጣ።

ተነሥቼ እቤቴ ስገባ ታደለች ሽሮውን አቅርባ፣ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ጠግቤያለሁ» አልኳት።

«የጎረቤት ሲሆን ይጠገባል፣ የኔ ሲሆን ይጠገባል የሚባል ነገር የለም» አለች። እስካሁን ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ የተናገረችበት ፊት ግን ገብቶኝ ነበር። ሽሮውን በላሁ። በዚያ ላይ እትየ ሐዋ «ለሱሑር ትሆንሃለች» እያሉ በዘይት የታሸ ጨጨብሳ በሳህን ይልካሉ። ጎህ ሳይቀድ እሷም ታልቃለች።

ታዲያ ይህን ሁሉ ስበላ አንድም ቀን የበላሁ አልመሰለኝም። የጾም ነዋ! በእኔ ሒሳብ ሰው የሚወፍረው በሥጋና በቅቤ ነው። ምስር እንዴት ብሎ ያወፍራል? ቀን ቀን ደግሞ መዝገብ ቤት ተቀምጬ፣ ከንፈሬ ደርቆ፣ ራሴን ይዞኝ፣ ሥቃዬን እያየሁ «ይቺ ሥቃይ ከንቱ አትቀርም» እላለሁ። አቶ ምናሉም በሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ደነገጠ?» ይለኛል። «እየደነገጠ ነው» እለዋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ፒያሳ ወጣሁ። ጋሽ ይመር ጎንበስ አሉ። ቀና አሉ። እንደገና ጎንበስ አሉ።

«ምነው?» አልኩ።

«ዝም ብል አይሻልም?»

«ይንገሩኝ!»

«ሰማንያ ስምንት ተኩል!»

ሁለት ሃይማኖት ተባብሮ ግማሽ ኪሎ ጨመረብኝ።

የሐኪሟ ቀጠሮ በዚያው ሳምንት ነበር። ቀጠሮው የቀዶ ጥገናውን ቀን የምትቆርጥበት ነው። እብጠቷ አሁን የብርቱካን ያህል ሆናለች፣ ደግሞ አንዳንዴ ስተኛም መግባቱን ትታለች። ሚዛን ላይ አቆመችኝና ጻፈች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ምን ምን እየበሉ ነው?»

«ምንም! እኔ እኮ ሁለት ጾም ነው የምጾመው» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። ነገሩን ከአጥሩ ጀምሬ አጫወትኳት።

«ሳምቡሳው ስንት ነው?»

«ስድስት። ሲበዛ ሰባት። ግን የጾም ነው።»

«ዘይቱም ይጾማል እንዴ?»

ካፖርቴን አነሣሁ። እሷ ግን አልማረችኝም፤ ብዕሯን አንሥታ ሻዩን ጻፈች፣ ስኳሩን ጻፈች፣ ሽሮውን ጻፈች፣ ጨጨብሳው ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ሁለት ጾም ጾመው የሁለት ሰው እራት ይበላሉ» አለችኝ። «ሌላ ምሥጢር የለውም። ሦስት ሳምንት እሰጥዎታለሁ። ያን ቀን ሰማንያ አምስት ካልገቡ ተራዎን ለሌላ በሽተኛ እሰጣለሁ፤ ቀጣዩ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። እብጠቷ ደግሞ ክረምቱን የምትጠብቅ አትመስለኝም።»

ከሐኪም ቤት ወጣሁ። ቀላል ነው እያልኩ ያስቀየምኳቸው የደሴና የኮምቦልቻ ወፍራሞች ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ። ይበለኝ። ግን ከቢላው ይልቅ የፈራሁት የእትየ ሐዋን ፊት ነው። እንዴት አድርጌ ነው «የእርስዎ ሳምቡሳ ሊገድለኝ ነው» የምላቸው? መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ሄድኩ። አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው ገባሁ። ገበታው ቀርቧል። ስምንት ሳምቡሳ።

«እትየ ሐዋ፣ ሐኪሟ ከለከለችኝ።»

«ምኑን?»

«ሳምቡሳውን።»

እጃቸው ሳህኑ ላይ ቀረ። «ጣዕሙ ከፋ?»

«ኧረ ምን ቆርጦት! እኔን ነው እንጂ የከፋኝ።» ሆዴን አሳየኋቸው። ቡአውን፣ ሦስቷን ኪሎ፣ ቀጠሮውን፣ አንጀት መታነቁን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ ከሁለቱ በላይ የምበላው እንዳይከፋዎት ብዬ ነው» አልኳቸው።

እትየ ሐዋ ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

«አንተ ቂል» አሉኝ። «እኔ ደግሞ የማበዛው ቶሎ እንዳትነሣብኝ ብዬ ነው።»

«እንዴት?»

«ልጆቼ ጅዳ ከሄዱ ስድስት ረመዳን ሆናቸው። ስድስቱንም ብቻዬን ነው ያፈጠርኩት። አዛን ሲል ተምሬን አነሣና ግድግዳውን አያለሁ። ዘንድሮ አንተ እጾማለሁ ብለህ መጣህ። ሁለቱን በልተህ ልትነሣ ስትል አየሁህና በነጋታው ጨመርኩ። ሳህኑ እስኪያልቅ ትቀመጣለህ አልኩ።»

አያችሁ? እሳቸው እንድቀመጥ ይጠብሳሉ፣ እኔ እንዳይከፋቸው እበላለሁ። በመተዛዘን ተጨራረስን። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሰው አንዲትን አሮጊት ምን እንደጎደላቸው ሳልጠይቅ ስድስት ስድስት ሳምቡሳ ስጎርስ መክረሜን ሳስብ፣ አፈርኩ። ለራሴ ያለኝ ንቀት እስከዚያ ቀን የቀልድ ነበር፤ ያን ቀን የምር ሆነ።

«ሳልበላ ብቀመጥስ?» አልኳቸው።

«ሳትበላ?» ሳምቡሳውን አዩት። እኔን አዩኝ። «ባዶ አፍህንማ ቤቴ አትቀመጥም። አንዲት ተምር።»

«አንዲት ተምር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ተምርና ውሃ ሆነ፤ ጨጨብሳውም ቀረ፣ እራቴ የታደለች ሽሮ ብቻ ሆነ። ተምሯን በልቼ፣ እሳቸው በዝግታ ሾርባቸውን እስኪጨርሱ እቀመጣለሁ። የድሮውን የሸዋ በር ገበያ፣ የባላቸውን የጨርቅ ሱቅ፣ ሲጋቡ የነበረውን ሁሉ ያጫውቱኛል። ሲያስቁኝ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ፤ እዚያ ቤት የምሸሽበት ምክንያት የለም። ሳህኑ ሙሉውን ሲመለስ ያሳዝናል ብለው ታደለችንም ጠሯት። እሷ በቀን አምስት ሳምቡሳ ትበላለች፣ አንዲት ግራም አትጨምርም። ይህ ግፍ ነው፣ ግን ለማን ይከሰሳል?

ዒድ አለፈ። ሁዳዴው ቀጠለ። ቀጠሮዬ ደረሰ። ወደ ሐኪም ቤት ስሄድ መጀመሪያ ጋሽ ይመር ዘንድ ቆምኩ። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ፒያሳ እስኪሰማ፣ «ሰማንያ አምስት ተኩል! ሰውዬው ተንቀሳቀሰ!» ብለው ጮኹ። የማላውቃቸው ሰዎች አጨበጨቡልኝ።

ሐኪሟም ያው ቁጥር አገኘች። ቁጥሩን አየች፣ እኔን አየች።

«ግማሿ የካልሲዎ ትሆናለች» አለችና ቀኑን ቆረጠችልኝ።

ተሰፋሁ። በማግስቱ አቶ ምናሉ ከኮምቦልቻ ድረስ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ራስጌዬ ቆሞ፣ «አልነገርኩህም? ደነገጠ!» አለኝ። ያመመኝ ከስፌቱ በላይ ይህ ነው።

እሱ እንደወጣ እትየ ሐዋ ባለ ክዳን ሳህን በነጠላቸው ሸፍነው ገቡ። ትልቁ ሳህን ነው፣ የሳምቡሳው። እኔ አሁንም ጾመኛ ነኝ፣ ምስር ይሆናል፣ እምቢ ማለት አልችልም፣ ስፌቱ ደግሞ ገና ትኩስ ነው።

«ክፈተው» አሉኝ ወንበር እየሳቡ።

ከፈትኩት። በዚያ ሰፊ ሳህን መሐል አንዲት ተምር ብቻዋን ተቀምጣለች።

ሳቄ መጣ። ከልማዴ ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ አመመኝ፣ እንባዬ ወረደ፣ ግን እጄ ሥር ብቅ ያለ ነገር አልነበረም። ተምሯን በልቼ ዘሯን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«ሳህኑ አልቋል» አልኳቸው፣ እየሳቅሁ።

«ይለቅ» አሉ፣ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ። «እኔ አልነሣም።»